አምስት የባሕር ምግቦች፣ አንድ የወጥ ቤት ሚዛንና የእኔ ትራይግሊሰራይድ

ሥራዬ ኦዲት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ ስለኖርኩ ዕቃ ስገዛ ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ትቼ ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ማንበብ ይቀናኛል። ይህ ልማዴ ወደ ምግብ የዞረው ግን ዘግይቶ፣ የደም ምርመራዬ ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስብ) 287፣ ከልክ በላይ፣ ብሎ ሲመጣ ነው። ሐኪሜ ወረቀቱን አይተው "ስኳርና ዱቄት ነክ ነገር ይቀንሱ፤ በእግርዎ ይሂዱ፤ ኦሜጋ 3 ያለው የባሕር ምግብ ይጨምሩ" አሉኝ። ሁለቱን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኳቸውና ሦስተኛዋን አጥብቄ ያዝኩ። ከሦስቱ የምትበላው እሷ ብቻ ናትና።

ከዓሣ ጋር አልስማማም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አጥንቱን እፈራለሁ። አጥንት የሌለው የባሕር ምግብ የቱ ነው ብዬ ሳስብ ሸርጣንና ዛጎል ለበሶቹ መጡልኝ። በአራት ወር ውስጥ አምስት ዓይነት ገዝቼ በላሁ፦ የሸርጣን ነጭ ሥጋ በጣሳ፣ በሱፍ ዘይት የተቀመጠ መስል በጣሳ (መስል ማለት ያ ጥቁር ሞላላ ዛጎል ያለው ነው)፣ "የሸርጣን ዘንግ" እየተባለ የሚሸጠው ቀይና ነጭ ነገር፣ በረዶ የሆነ ሽሪምፕ፣ በመጨረሻም ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ሙሉ ሸርጣን ከነዛጎሉ። ሁሉንም ሳልመዝን አልበላሁም። ባለቤቴ ሚዛኑን አይታ "ምግብ ነው ወይስ ወርቅ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልሰጠሁም።

የአምራቾቹን ስም አልጠራም። የምገመግመው የዕቃውን ዓይነት ነው፤ ከመደርደሪያው ላይ የትኛውንም ብታነሱ ጀርባው ላይ የምታነቡት ተቀራራቢ ነው።

መጀመሪያ የከፈትኩት የሸርጣኑን ጣሳ ነው። ፊቱ ላይ ቀይ ሸርጣን ተስሏል፤ ከጎኑ ደግሞ ከስቡ ውስጥ ሲሶው ኦሜጋ 3 መሆኑ ተጽፏል። ደስ አለኝ። ደስታዬ ጣሳውን እስካዞርኩት ድረስ ቆየ።

አምራቹ አልዋሸም። የሸርጣን ሥጋ ስብ ሲተነተን ጎልተው የሚወጡት ፋቲ አሲዶች፣ ማለትም ስብ የሚሠራባቸው ጡቦች፣ ጥቂት ናቸው፦ ከረጋው ስብ ወገን ፓልሚቲክ፣ ከአንድ ጥንድ ማሰሪያው (በፋቲ አሲዱ ሰንሰለት ውስጥ ያለ እጥፍ ማያያዣ፤ ሲበዛ ስቡ አይረጋም) ወገን ኦሌይክ፣ ከኦሜጋ 6 ወገን አራኪዶኒክ፣ ከኦሜጋ 3 ደግሞ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተደምረው የስቡን ሲሶ ገደማ ቢይዙ የሚገርም አይደለም። የአብዛኛው የቤት እንስሳ ሥጋ በዚህ መለኪያ አጠገቡ አይደርስም። ነገር ግን የምን ሲሶ? ጀርባው ላይ በ100 ግራም ውስጥ ያለው ጠቅላላ ስብ 1 ግራም ነው ይላል። የአንድ ግራም ሲሶ 0.3 ግራም ነው፤ አለቀ። ይህን ዓይነት አጻጻፍ በሥራዬ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። "ትርፋችን በሦስት እጥፍ አደገ" ይሉሃል፤ ገልጠህ ስታይ ዐምና የተተረፈው ሳንቲም ነው። ሸርጣን በመቶኛ ሀብታም፣ በግራም ደሃ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ያላችሁ እንደሆነ፣ ሸርጣን ስቡን በሥጋው ውስጥ አያከማችም። በነጩ ሥጋ ውስጥ ያለው ስብ በአብዛኛው የሕዋሶቹ ሽፋን የተሠራበት ፎስፎሊፒድ ነው፤ የግድግዳው ጭቃ እንጂ የጎተራው እህል አይደለም። በቀዝቃዛ ውኃ የሚኖር እንስሳ ሽፋኑ እንዳይደርቅበት የማይረጋ ስብ ይፈልጋል፤ ኢፒኤ አምስት፣ ዲኤችኤ ስድስት ጥንድ ማሰሪያ ስላላቸው በብርድም አይረጉም። መቶኛው ከፍ ያለው ለዚህ ነው። ጠቅላላው ያነሰው ደግሞ ሽፋን ምንጊዜም ስስ ነገር ስለሆነ ነው።

0.3 ግራምን ንቄ አልጥላትም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን 250 ሚሊግራም ኢፒኤና ዲኤችኤ በቂ ነው ብሏል፤ ስለዚህ ጣሳዋ የጤነኛ ሰው የቀን ድርሻ ትሸፍናለች። የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2019 ባወጣው ምክር ትራይግሊሰራይድን ለማውረድ የሚሠራው መጠን በቀን 4 ግራም ነው፤ እሱም በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት እንጂ ምግብ አይደለም። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። የተቀቀለ ትልቁ የአላስካ ሸርጣን፣ ኪንግ ክራብ የሚባለው፣ በ100 ግራም 0.4 ግራም ገደማ ይሰጣል። አራት ግራም ለማግኘት በየቀኑ አንድ ኪሎ መብላት ሊኖርብኝ ነው። የዚያው ሸርጣን ሶዲየም፣ ጨው ውስጥ ያለው ማለት ነው፣ በ100 ግራም 1,072 ሚሊግራም ነው፤ በኪሎ ከ10 ግራም በላይ። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን የፈቀደው ከ2 ግራም በታች ነው። ትራይግሊሰራይዴን ላወርድ ብዬ የደም ግፊቴን ጣሪያ ላይ ልሰቅለው።

ታዲያ ይህች ጣሳ ለምን ትጠቅማለች? ለፕሮቲን ትጠቅማለች፤ ያለ ጥርጥር። በ100 ግራም 18 ወይም 20 ግራም ፕሮቲን፣ ከ100 የማይበልጥ ካሎሪ። ከዚያ ማዕድኖቹ ይመጣሉ። ኪንግ ክራብ በ100 ግራም ሰባት ሚሊግራም ተኩል ያህል ዚንክ አለው፤ ለአዋቂ ወንድ የሚመከረው በቀን 11፣ ለሴት 8 ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከ11 ማይክሮግራም ይበልጣል፤ ለቀን የሚያስፈልገን 2.4 ብቻ ነው። ሴሊኒየምም በደንብ አለ። መዳብ ደግሞ ከአንድ ሚሊግራም በላይ፤ ይህኛው ምክንያቱ ደስ ይላል። የእኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ነው፤ የሸርጣን ደም ግን ሄሞሲያኒን በሚባል መዳብ ባለው ፕሮቲን ነው የሚሸከመው፤ ኦክስጅን ሲይዝ ሰማያዊ ይሆናል።

ጣዕሙን ካነሳን፣ ጣፋጭ ነው። ጣፋጭ ስል እንደ ሥጋ ሳይሆን እውነተኛ ጣፋጭነት ያለው ማለቴ ነው። ከስቡ እንዳይመስላችሁ፤ ግላይሲንና አላኒን የሚባሉ ነፃ አሚኖ አሲዶች ናቸው ይህን የሚያደርጉት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሁለተኛውን ጣሳ ስበላ ጥርሴ ላይ ቀጭ አለ። አውጥቼ ሳየው ብርጭቆ! እንደ ሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ፣ ጠርዝ ያለው ስባሪ። ደሜ ፈላ። ጣሳውን በላስቲክ ጠቅልዬ ለአምራቹ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ፎቶ አያይዤ፣ የምርት ቁጥሩን ገልብጬ፣ በሥራ ቦታ እንኳ በማልጽፈው ቃል። የመጣልኝ መልስ ሁለት መስመር ነው፦ "ስባሪውን ሞቅ ባለ አቼቶ ውስጥ ይጨምሩት። ከሟሟ ብርጭቆ አይደለም።"

ንቀት መሰለኝ። ቢሆንም ሞከርኩት። አቼቶውን በትንሽ ድስት አሞቅኩና ጨመርኩት፤ ቆሜ አየሁ። ዳር ዳሩ መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ከዚያ እያነሰ ሄዶ ጠፋ። ነገሩ ስትሩቫይት ይባላል። የባሕር እንስሳ ሥጋ ማግኒዥየምና ፎስፌት አለው፤ ጣሳው ጀርም ለመግደል በከፍተኛ ሙቀት ሲቀቀል ደግሞ ፕሮቲኑ ትንሽ አሞኒያ ይለቃል፤ ሦስቱ ተገናኝተው ጣሳው ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ጠጠር ይሠራሉ። ለጤና ጉዳት የለውም፤ ጨጓራ ውስጥም ይሟሟል። ጥሩ አምራቾች ጣሳውን ቶሎ በማቀዝቀዝና ሲትሪክ አሲድ በመጨመር ይከላከሉታል። ስለዚህ ጤናዬን አልጎዱኝም፤ ሥራቸውን ግን አቅልለዋል፤ ከሰጠኋቸው ነጥብ አንዱ የተቀነሰው ለዚህ ነው። ከሁለቱ መስመር ደብዳቤ ላይ "ይቅርታ" የምትል ቃል ቢጨምሩ እመልስላቸው ነበር።

አንድ ነገር ግን ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ሥጋው በቀጥታ ቆርቆሮውን አይነካም፤ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ለማማር መስሎኝ ነበር። ለካ ሥጋው ሲቀቀል የሚለቀው ድኝ ነክ ጋዝ ከቆርቆሮው ብረት ጋር ተገናኝቶ ሥጋውን እንዳያጠቁረው ነው። የተጣራ ክብደቱም የታመነ ነው፦ ውኃው ሲጠፋ 120 ግራም ይላል፤ በሚዛኔ 121 መጣ። እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይ ደስ ይለኛል።

መስሉን የገዛሁት ያለ ተስፋ ነው። ጣሳዋ ትንሽ፣ ሥዕሏ የደበዘዘ፣ ስለ ኦሜጋ 3 አንዲት ቃል ያልጻፈች። ይህች ዝምተኛ ጣሳ ናት ሁሉንም የበለጠቻቸው።

የተቀቀለ ሰማያዊ መስል በ100 ግራም 24 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 4.5 ግራም ስብ አለው። ከዚህ ውስጥ ኢፒኤና ዲኤችኤ ተደምረው 0.8 ግራም ይጠጋሉ፤ የሸርጣኑ እጥፍ። ብረቱ 6.7 ሚሊግራም፣ ቢ12ቱ 24 ማይክሮግራም ነው፤ ይህ የቀን ፍላጎታችን አሥር እጥፍ ነው። ማንጋኒዝም ብዙ አለው። ሰባት ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት እንዳለውም ልብ በሉ፤ መስል ስንቁን የሚይዘው ግላይኮጅን በሚባል የስኳር ክምችት ነው፤ እሱም ያለ ነገር አይደለም፣ ለጣዕሙ ይረዳል።

መስል ሸርጣንን በኦሜጋ 3 የበለጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ለምንጩ ይቀርባል። ኢፒኤን የሚሠሩት እንስሳት አይደሉም፤ ዳያተም የሚባሉና በዓይን የማይታዩ የባሕር አልጌዎች ናቸው። መስል ቀኑን ሙሉ ውኃ እያጣራ እነሱኑ ይለቅማል። ሸርጣን ደግሞ መስልን፣ ትሉን፣ የሞተውን ዓሣ ይበላል፤ የሚደርሰው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ እጅ ነው፤ የደረሰውንም በሥጋው አያስቀምጥም። የመስል ስብና ግላይኮጅን ከወቅት ወቅት ይለያያል፤ እንቁላል ከመጣሉ በፊት ይሞላል፣ ከጣለ በኋላ ይከሳል። አንዱ ጣሳ የወፈረ ሌላው የተኮማተረ ሥጋ ቢያወጣላችሁ አምራቹን አትቆጡ።

ይኸው ውኃ የማጣራት ጸባይ ጣጣም አለው። በ1987 ካናዳ ውስጥ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የተመረተ መስል ከመቶ በላይ ሰዎችን አሳመመ፣ ሦስቱ ሞቱ፤ ከተረፉት መካከል አንዳንዶቹ የቅርብ ጊዜ ትዝታቸውን አጡ። ምክንያቱ ዶሞይክ አሲድ ነበር፤ አንዳንድ ዳያተሞች የሚሠሩት መርዝ። መቀቀል አያጠፋውም። ከዚያ በኋላ ነው በብዙ አገሮች የመስል ማምረቻ ውኃዎች በየጊዜው እየተመረመሩ የሚዘጉትና የሚከፈቱት። ጣሳው ከየትኛው ውኃ እንደመጣ የሚገልጽ ኮድ ከሌለበት እኔ አልገዛም።

መስሏ ጉድለት የላትም ብዬ አላልፍም። ጉድለቷ ዘይቷ ነው። መለያው ላይ ስቡ በ100 ግራም 18 ግራም ይላል፤ ከመስሉ የመጣው ግን ከአራት ወይም ከአምስት ግራም አይበልጥም። የቀረው የሱፍ ዘይት ነው፤ የተለመደው የሱፍ ዘይት ደግሞ ከግማሽ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ፣ ማለትም ኦሜጋ 6 ነው። "ያልረጋ ስብ" በሚለው መስመር ሥር ያለው ትልቅ ቁጥር የዚህ ነው። ኦሜጋ 6 መጥፎ ነው አላልኩም፤ ሰውነት ያስፈልገዋል። እኔ ፍለጋ የወጣሁት ግን እሱን አይደለም፤ አንድ ግራም የማይሞላ ኦሜጋ 3 ለማግኘት አሥራ ሦስት ግራም የማልፈልገውን ዘይት ተሸክሜ መምጣት አለብኝ። ማጥለያ ላይ አሥር ደቂቃ አንጠባጥቤ በሚዛን ሳየው አብዛኛው ወርዷል። ከእንግዲህ የምመርጠው በጨው ውኃ የተቀመጠውን ነው። እሱ ደግሞ ጨው አለው፤ በውኃ ለቅለቅ ማድረግ ይቀንሰዋል።

የ"ሸርጣን ዘንጉ" ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋም። ሸርጣን አይደለም። ጀርባው ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የዓሣ ሥጋ ነው፤ ከዚያ ውኃ፣ ስታርች፣ የእንቁላል ነጭ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቀለም፣ የሸርጣን ማጣፈጫ። አላስካ ፖሎክ የሚባለው ዓሣ ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ሱሪሚ ይባላል። እጥበቱ ስቡንም፣ በውኃ የሚሟሟውን ሁሉንም ይዞ ይሄዳል፤ ከስቡ ጋር ኦሜጋ 3ቱም። የቀረው በ100 ግራም 7 ወይም 8 ግራም ፕሮቲን፣ ከግማሽ ግራም የማይበልጥ ስብ፣ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት። እኔ ዱቄት ቀንስ የተባልኩ ሰው ነኝ! ልጄ ወደደችው፤ "አባዬ፣ ይሄኛውን ደግሞ አምጣ" አለችኝ። ለእሷ ይሁን። እኔ ግን የዓሣ ሥጋ በልቼ የሸርጣን ስም አልሰጠውም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሸርጣን አለርጂ የሚያስነሳበት ሰው "ውሸት ሸርጣን ስለሆነ አይነካኝም" ብሎ እንዳይሳሳት፤ ማጣፈጫው ከእውነተኛ ሸርጣን የተጨመቀ ሊሆን ይችላል፤ በዛጎል ለበሶች አለርጂ ዋናው ተጠያቂ የሆነው ትሮፖማዮሲን የሚባል ፕሮቲን ደግሞ በሙቀት አይበላሽም።

ሽሪምፑን በሁለት ልብ ነው የገዛሁት፤ ኮሌስትሮሉን ፈርቼ። የተቀቀለ ሽሪምፕ በ100 ግራም 190 ሚሊግራም ገደማ ኮሌስትሮል አለው፤ ከሸርጣን እጥፍና ከዚያ በላይ። ሆኖም የረጋ ስቡ ከምንም አይቆጠርም። በ1996 በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አንድ ጥናት ነገሩን ቀለል አድርጎልኛል። ተሳታፊዎቹ በቀን 300 ግራም ሽሪምፕ በሉ፤ ከዚያ ብቻ 590 ሚሊግራም ኮሌስትሮል ማለት ነው። ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮል 7.1 በመቶ ጨመረ፣ ጥሩው ኤችዲኤል ግን 12.1 በመቶ፤ ትራይግሊሰራይዳቸው ደግሞ 13 በመቶ ወረደ። ትራይግሊሰራይድ ወረደ የሚለው ላይ ደርሼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሜሪካኖቹም በ2015 ባወጡት የአመጋገብ መመሪያ በቀን 300 ሚሊግራም የሚለውን የኮሌስትሮል ጣሪያ አንስተውታል።

ስለ ኮሌስትሮል ካነሳሁ አይቀር፦ መስል፣ ክላምና ኦይስተር (ሁለቱም እንደ መስል ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል ያላቸው ናቸው) ለብዙ ዓመታት በኮሌስትሮል ስማቸው የጠፋው በከፊል በመለኪያው ጥፋት ነው። የድሮው በቀለም ለውጥ የሚለካው ዘዴ ሁሉንም ስቴሮል (ኮሌስትሮል ራሱ አንዱ የሆነበት የስብ ወገን) ኮሌስትሮል ብሎ ይቆጥር ነበር፤ እነዚህ እንስሳት ግን ከአልጌ የሚያገኙት ሌላ ዓይነት ስቴሮልም አላቸው። ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚባለው፣ እያንዳንዱን ለይቶ በሚለካው ዘዴ ሲለያዩ ቁጥሩ ወረደ። ክላም ደግሞ በተቃራኒው በብረት ስሙ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የቀድሞ ሠንጠረዥ በ100 ግራም 28 ሚሊግራም ይላል፤ በኋላ ሲታረም 2.8 ገደማ ሆነ። የነጥብ ቦታ ሊመስላችሁ ይችላል። እስከ ዛሬ አሮጌውን ቁጥር የሚገለብጡ ጽሑፎች አሉ፤ በእንዲህ ያለ ነገር ሰው ከሥራ ሲባረር አይቻለሁ። (ቢ12 ላይ ግን ክላምን የሚያክለው የለም፤ 99 ማይክሮግራም።)

ወደ ሽሪምፑ ስመለስ፣ ጣዕሙ ደህና ነው፣ ክብደቱ ግን አይታመንም። ፓኬቱ 400 ግራም ይላል። በረዶው ቀልጦ ሲንጠባጠብ 318 መጣ። ሽሪምፕ በፍሪዘር እንዳይደርቅ ስስ የበረዶ ሽፋን ይደረግለታል፤ ይህ ያስፈልጋል፤ ስቡም ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንዳይሸት ይጠብቀዋል፤ ብዙ ጥንድ ማሰሪያ ያለው ፋቲ አሲድ ቶሎ ነው የሚበላሸው። ግን ሽፋንና ብርድ ልብስ ይለያያሉ። ሲጠበስ ደግሞ ድስቱ ውስጥ ሌላ ውኃ ለቀቀ፤ ፓኬቱ ላይ ትሪፖሊፎስፌት የሚል ነበር፤ ውኃ እንዲይዝ የሚጨመር ነው። እንዲህ ያለ ፓኬት ዳግመኛ አልገዛም፤ የተጣራውን ክብደት ለይቶ የሚጽፍ ካገኘሁ እገዛለሁ።

የመጨረሻው ሙሉው ሸርጣን ነበር። 800 ግራም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ አንጥፌ፣ መዶሻና ቀጭን ሹካ ይዤ ተቀመጥኩ። የቀይነቱ ነገር ደስ ይላል፤ ቀይ የሆነው ሲቀቀል ነው። አስታዛንቲን የሚባለው ቀለም በሕይወት ሳለ ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ይደበቃል፣ ሙቀቱ ፕሮቲኑን ሲፈታው ይወጣል። ሁለት ሰዓት ሰበርኩ። የወጣልኝ 190 ግራም ነጭ ሥጋና 85 ግራም ቡናማ። የቀረው ዛጎል ነው፤ አውራ ጣቴም ተወግቷል።

ቡናማው ነው ታሪኩ። ከጀርባ ዛጎሉ ሥር ያለው ለስላሳ ነገር ነው፤ የጉበትን ሥራ የሚሠራው እጢና የመራቢያ አካሉ። የግድግዳውን ጭቃ ስበላ ከርሜ ጎተራው ይኸው ተገኘ! ሸርጣን ስቡን የሚያከማቸው እዚህ ነው፤ ከነጩ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ስብ ሊኖረው ይችላል፤ ኦሜጋ 3ቱም አብሮ ይበዛል። ጣዕሙ ከባድ፣ ቅቤ ቅቤ የሚል፣ የባሕር ሽታው ኃይለኛ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ስበላ አራት ወር ሙሉ የፈለግኩትን ያገኘሁ መሰለኝ፤ ሌላ ሦስት ሸርጣን ለመግዛት ወስኜ ነበር።

ከዚያ አነበብኩ። ጎተራው የሚያከማቸው ስብ ብቻ አይደለም፤ ካድሚየምም እዚያው ነው የሚቀመጠው። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የሚቆይ ብረት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለሸርጣን ያወጣው ጣሪያ፣ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም፣ የሚመለከተው ነጩን የእግርና የጥፍር ሥጋ ነው፤ ቡናማው አልተካተተበትም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2011 ለተጠቃሚዎች ማስታወሻ ያወጣው፣ ቡናማውን አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች ከነጩ ብቻ ከሚያገኙት እጅግ የበለጠ ካድሚየም ሊወስዱ እንደሚችሉ ለማሳወቅ ነው። አንዴ በልቶ የሚሞት የለም። በየቀኑ እንደ መድኃኒት የሚወሰድ ግን አይደለም፤ እኔ ያሰብኩት ደግሞ ልክ እሱን ነበር። ለባለቤቴ ስነግራት "አየህ፣ ገና ሲታይ ደስ አላለኝም" አለች። ሦስት ማንኪያ መብላቷን አላነሳሁባትም።

ነጥቤን ከአሥር ልስጥና ልጨርስ። የሸርጣን ጣሳ ለፕሮቲንና ለዚንክ ስምንት፣ ለኦሜጋ 3 ሦስት። ዘንጉ ሁለት፤ ሁለቱንም የሰጠችው ልጄ ናት። ሽሪምፑ አምስት፣ በሐቅ ቢመዘን ሰባት ይሆን ነበር። ሙሉው ሸርጣን በዓመት አንድ ሁለቴ ለሚበላው ዘጠኝ፣ ጥርስ ለሚሰበርበት ስድስት። መስል ዘጠኝ፤ አንዷ ለዘይቱ ተቀነሰች። ኦይስተርን ገና አልሞከርኩም፤ ሠንጠረዡ ግን ያጓጓል፦ የተቀቀለ የፓስፊክ ኦይስተር በ100 ግራም 1.4 ግራም ያህል ኢፒኤና ዲኤችኤ፣ 33 ሚሊግራም ዚንክ። ሪህ ያለባችሁ ይህን ሁሉ ከመሞከራችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፤ ሪህን የሚያባብስ ፒዩሪን የሚባል ነገር አለበት።

ደሜን እንደገና ተመርምሬ ነበር፤ 287 የነበረው 214 ሆኗል። መስሏ ናት ብል ደስ ባለኝ። ነገር ግን በሁለተኛው ወር አፍሬ ሻይ ውስጥ የምጨምረውን ስኳር አቁሜአለሁ፤ ከሥራ ስመለስም አንድ ፌርማታ ቀድሜ እየወረድኩ በእግሬ እገባለሁ። ሦስት ወጪ በአንድ ደረሰኝ ከተጻፈ መለየት አይቻልም፤ ሐኪሜም "ሦስቱንም ይቀጥሉ" ከማለት ሌላ አልፈረዱልኝም። ትናንት በጨው ውኃ የተቀመጠውን መስል ፍለጋ ሄጄ አጣሁ፤ አራት ጣሳ የዘይቱን ይዤ ተመለስኩ። ይህን ስጽፍ አንደኛው ማጥለያው ላይ እየተንጠባጠበ ነው፤ ሰባት ደቂቃ ሆኖታል።